ለእድራችን ስልክ ዘፈን ስንመርጥ

ሲያትል ውስጥ አንድ አበሻ «ኮምፒውተር ይችላል» የሚል ስም ከወጣለት ቅዳሜና እሑዱ የራሱ መሆኑ ያበቃል። የማን ማተሚያ ወረቀት እንደዋጠ፣ የማን ቴሌቪዥን የአገር ቤት ጣቢያ አልይዝ እንዳለ፣ የማን ሕፃን የእናቱን ስልክ ነካክቶ እንደቆለፈ የሚነገረው ለእሱ ነው። መተዳደሪያው ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። አንዴ የሰው ዋይፋይ ሲያስተካክል ታይቷል፤ በቃ፣ ባለሙያ ነው። ክፍያውም የታወቀ ነው፤ ምርቃትና በፌስታል የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ። ዳቦውን አላማም፣ ምርቃቱም ይደርሰኛል። የእድራችን የስልክ ጉዳይ የመጣ ዕለት ግን ይህ ነገር በድፎ ዳቦ የሚወጣ ሥራ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ።

እድራችን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የራሱ ስልክ አልነበረውም። ስልኩ ሊቀመንበሩ ነበሩ። ሰው ባረፈ ቁጥር ደዋዩ ሁሉ የሚደውለው እሳቸው ጋ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከሲታክ ኤርፖርት መንገደኛ እያመላለሱ የሚያድሩ ሰው ናቸው። ፈረንጁ ከኋላ ተቀምጦ ወደ ሆቴሉ ሲሄድ ከፊት «ወይኔ! መቼ? ቀብሩስ የት ነው?» የሚል ጩኸት ይሰማል። ተሳፋሪ ደንግጦ ኮከብ ሳይቀንስባቸው አልቀረም መሰለኝ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ እድሩ የኢንተርኔት ስልክ ይግዛ የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ በእልልታ ጸደቀ። ደዋዩ አንድን ሲጫን የለቅሶ ቤቱንና የቀብሩን አድራሻ ይሰማል፤ ሁለትን ሲጫን ስለ ወርኃዊ መዋጮ ይነገረዋል፤ ሦስትን ሲጫን ሰው እስኪያነሣለት ሙዚቃ እያዳመጠ ይቆያል። በወረቀት ላይ እንከን አይወጣለትም።

ሊቀመንበሩ በዚያው ምሽት ከስልካቸው አንድ ዜማ መርጠው ለስልክ ድርጅቱ ላኩ። በማግስቱ የመጣውን መልስ ወደ እኔ አስተላለፉትና ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ሰውዬ ምንድን ነው የሚለው?»

«ጋሼ፣ ኤምፒ3 አልቀበልም፣ ለስልክ በሚሆን መልኩ ለውጣችሁ አምጡ ነው የሚለው።»

«ለስልክ በሚሆን? እኔ የላክሁለት እኮ ከስልኬ ነው!»

ለዚህ የሚሆን አጭር መልስ የለም። ኪሳችን ውስጥ ያለው ዕቃ በስም ስልክ ይባል እንጂ ኮምፒውተር ነው፤ ዘፈን ሲያጫውት ባለ ሙሉ ድምፅ ጌታ ነው። የስልክ መስመር ግን ሌላ ፍጥረት ነው። የደህና ሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20 ጊዜ ጀምሮ እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይሰማል፤ ለዚህ ነው ሲዲ ሲሠራ ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ የሚለካው። የስልክ መሐንዲሶች ግን የተነሡት ከሌላ ጥያቄ ነበር። የጠየቁት ሰው ምን ያህል ይሰማል ብለው ሳይሆን፣ ሁለት ሰዎች ለመግባባት ስንት ድምፅ ይበቃቸዋል ብለው ነው። መልሳቸው ቆንቋና ነው፤ በሰከንድ ከ300 እስከ 3,400 ጊዜ፣ ማለትም ሄርዝ። ከዚያ በታችም ከዚያ በላይም ያለው ይቅር ተባለ። መስመሩ ወደ ዲጂታል ሲዞር ይኸው ልማድ ሕግ ሆነ፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1972 የወጣው ጂ.711 የሚባለው መለኪያ ድምፁ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካ፣ ለእያንዳንዱ ልኬት 8 ቢት ይሰጠው አለ። ሲባዛ በሰከንድ 64,000 ቢት ነው። ግራና ቀኝ የሚባል የለም፤ ድምፁ አንድ ነው።

ይህ ያረጀ ያፈጀ ነገር ነው ብሎ የሚያፌዝ ካለ ከዚሁ ከከተማችን ምስክር እጠራለሁ። አማዞን በ2017 ኮኔክት የሚባል የደንበኛ ጥሪ አገልግሎት ሲያወጣ ደመና ላይ የተሠራ ዘመናዊ ነገር ነው ተብሎለት ነበር። የተቀዳ መልእክት ልጫንበት ያለ ሰው ግን የሚጠየቀው ያንኑ 8,000 ነው። የዓለምን ዕቃ በአንድ ቀን በር ላይ የሚያደርስ ድርጅት እንኳ ለዚህ ቁጥር እጁን ሰጥቷል።

ኤምፒ3ስ? እሱም ቢሆን ጣይ ነው፤ የሚጥለው ግን በዘዴ ነው። በጀርመን የፍራውንሆፈር ተቋም እነ ካርልሃይንትስ ብራንደንቡርግ ሲሠሩት የሰውን ጆሮ ድክመት አጥንተው ነው። ጎላ ያለ ድምፅ በአጠገቡ ያለውን ቀጭን ድምፅ ስለሚሸፍነው፣ የተሸፈነውን ቢጥሉት የሚያውቅባቸው እንደሌለ ደረሱበት። ብራንደንቡርግ ሥራውን የፈተነው በሱዛን ቬጋ «ቶምስ ዳይነር» ነው፤ ያለ አንዳች መሣሪያ በአንዲት ሴት ድምፅ ብቻ የተዘፈነ ስለሆነ ማታለል የማይቻልበት ሆኖ አገኘው። እንግዲህ ልዩነቱ ይህ ነው፤ ኤምፒ3 ጆሮን ይሸውዳል፣ ስልክ ጆሮን ያስርባል። አንዱ የጣለውን ሌላው አንሥቶ አይመልስም፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚሆነው የእጦት እጦት ነው።

ሊቀመንበሩ ይህን ሁሉ ታግሠው ሰሙኝና «ታዲያ ዘፈኑ ለምን ያስፈልጋል? ዝም ብለው ይጠብቁ እንዳይባል ደግሞ ነውር ነው» አሉ። እንግዳን በዝምታ ማስጠበቅ ነውር መሆኑን ያሰበ ሌላም ሰው ነበር፤ አልፍሬድ ሌቪ የሚባል የፋብሪካ ባለቤት። ፋብሪካው ውስጥ አንድ የስልክ ሽቦ የሕንፃውን የብረት ምሰሶ ነክቶ ኖሮ፣ ሕንፃው ራሱ እንደ ራዲዮ ከጎረቤት ጣቢያ ሙዚቃ እየጠለፈ ጥሪ ለሚጠብቁ ደንበኞች ያሰማቸው ጀመር። ሌላ ሰው ቢሆን ሽቦውን ያስጠግን ነበር። ሌቪ ግን በ1962 ለፈጠራ መብት አመለከተ፤ በ1966 ተሰጠው። ዛሬ የሰው ልጅ ሁሉ «እባክዎ ይጠብቁ» እየተባለ የሚሰማው ሙዚቃ ከዚያ ሽቦ የመጣ ነው።

ሲያትልም በዚህ ጉዳይ እጇ የለበትም አይባልም። በሊፍትና በሱቅ ውስጥ የሚሰማውን ለስላሳ ሙዚቃ ለዓለም ያዳረሰው ሙዛክ በ1980ዎቹ የስኮ ከሚባል የሲያትል ድርጅት ጋር ተዋሕዶ ዋና መሥሪያ ቤቱን እዚህ ነበር ያደረገው። እዚያ ተቀጥረው ይሠሩ ከነበሩት መካከል ሰብ ፖፕ የተባለውን የሙዚቃ አሳታሚ ያቋቋመው ብሩስ ፓቪትና መድሃኒ የሚባለው የሮክ ባንድ ዘፋኝ ማርክ አርም ይገኙበታል። ቀን ማንንም የማያስቀይም ሙዚቃ ሲያሰናዳ የዋለ ሰው ማታ ጊታሩን ቢያስጮህ አይፈረድበትም። ዓለም ግራንጅ ያለው የሲያትል ጩኸት ከየት እንደፈላ እኔ ለራሴ ግምት አለኝ።

ወደ እድራችን ልመለስ። ኮሚቴው በሬኒየር አቬኑ አካባቢ በአንድ ምግብ ቤት ተሰብስቦ ዘፈን መምረጥ ያዘ። ጸሐፊው ጥላሁን ይሁን አለ። ገንዘብ ያዧ እትዬ «ሰው ሞቶበት የሚደውል ሰው ነው፤ ዘፈን ምን ሊረባው? በገና ይደረግ» አሉ። አንድ ወጣት «በገና ከሆነማ ያልሞተበትም ያለቅሳል» ብሎ የክራር ትዝታ አቀረበ። ሌላው ክራሩም ቢሆን በሕግ ያስጠይቃል ብሎ አስደነገጠን። ልጁ እውነቱን ነው፤ በአሜሪካ የሰው ሙዚቃ በስልክ ማስጠበቂያ ላይ የሚጭን ድርጅት እንደ አስካፕና ቢኤምአይ ያሉ የሙዚቃ መብት አስከባሪዎችን ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ሊቀመንበሩ «አባሎቻችን ውስጥ የሚጫወት አይጠፋም፤ የራሳችንን እንቅዳ» ብለው ገላገሉ። «እስከዚያው ግን ያላችሁን ሁሉ ለዚህ ልጅ ላኩለትና እንዴት እንደሚሰማ ይሞክርልን።»

ላኩ። በቫይበር የላከ አለ፣ በቴሌግራም የላከ አለ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ዩቲዩብ ከፍቶ ስልኩን ከፊቱ ደቅኖ የቀዳም አለ። ዘፈን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እየተጨመቀ ነው የሚሄደው። የመጀመሪያው ቅጂ አቦል ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲላክ ቶና ይሆናል፤ እኔ ጋ የደረሰው ግን በረካው ነበር፣ ያውም ውኃ የበዛበት። ከዚያ ላይ ነው እንግዲህ ለስልክ የሚሆን የሚጠመቀው።

አሠራሩ ራሱ አያስቸግርም። ኦዳሲቲ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃል። ግራና ቀኙ ተደባልቆ አንድ ይሆናል፤ ከ300 በታችና ከ3,400 በላይ ያለው ይቆረጣል፤ ልኬቱ ወደ 8,000 ይወርዳል፤ ከዚያ ሚዩ-ሎው በሚባለው ስልት ዌቭ ተብሎ ይቀመጣል። ሳይቆርጡ ልኬቱን የሚያወርዱ ጥድፍድፍ ፕሮግራሞች አሉ፤ በዚያ ጊዜ የልኬቱ ግማሽ ከሆነው ከ4,000 በላይ ያለው ድምፅ አልጠፋም ብሎ ሌላ ድምፅ መስሎ ታች ይወርዳል፣ ዘፈኑም የሌለበትን ፉጨት ያፏጫል። የአንድ ደቂቃ መልእክት በዚህ መልክ 480 ኪሎባይት ገደማ ይሆናል፤ ተራ የሚባለው የ128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ለአንድ ደቂቃ እጥፉን ይወስዳል፤ የሲዲው ደግሞ ከ10 ሜጋባይት ያልፋል።

ከቆረጣው በኋላ የተረፈውን በማዳመጫ ሳይሆን በስልክ ደውዬ ነው የሰማሁት፤ በጥሩ ማዳመጫ የሰማ ሰው ይታለላል። ከተላኩልኝ አንዱ መዝሙር ነበር፤ የደረሰበት ያሳዝናል። ከበሮው ከታች ወደቀ፣ ጸናጽሉ ከላይ ወደቀ፤ ዘማሪው ብቻውን ቀረ። የዘመናዊው ዘፈን ቤዝ ጊታር የነበረም አይመስልም። ዋሽንቱና ማሲንቆው ግን መሐል ቤት የሚኖሩ ስለሆኑ እንደነበሩ መጡ። ማሲንቆ ለካስ የስልክ ዘመድ ነው።

ያስገረመኝ በገናው ነው። የበገና ዋና ድምፆች ከ300 ሄርዝ በታች ስለሆኑ ፈጽሞ ይጠፋል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ነገር ግን በእያንዳንዱ ጅማትና በብርኩማው መካከል የሚገባችው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋ፣ ያን እዝ የሚለውን ድምፅ ትፈጥራለች፤ እዝታው ደግሞ ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ በተደራረቡ ድምፆች የተሞላ ነው። ስልኩ መሠረቱን ቆርጦ ሲጥለው እነዚያ አለፉ፤ የሰማሁበት ጭንቅላቴ ደግሞ የጎደለውን ራሱ ሞላ። የወንድ ድምፅ መሠረቱ 100 ሄርዝ አካባቢ ሆኖ ሳለ አባታችንን በስልክ የምናውቀው በዚሁ ብልሃት ነው። እትዬ ይህን ስነግራቸው «አላልኳችሁም? ቅዱስ ዕቃ እኮ ነው» አሉ፤ አልተከራከርኩም።

ክራሩ ሌላ ጣጣ አመጣ። ከእኛ የወጣው ፋይል ደህና ነው፤ ደዋዩ ግን የሚሰማው በሞባይል ነው። የመጀመሪያው የጂኤስኤም ሞባይል ድምፅን የሚያስተላልፈው በሰከንድ በ13,000 ቢት ነበር፤ ይህን ያህል መቆጠብ የቻለው የሚሰማውን ሁሉ ከሰው ጉሮሮ የወጣ ነው ብሎ ስለሚገምት ነው። የተከተሉትም በአመዛኙ በዚያው መንገድ ሄዱ። ክራር ሲመጣበት ይህ ምን ዓይነት ሰው ነው ብሎ ግራ ይጋባል፤ ምቱ ሲላላ ደግሞ ሰውዬው ዝም አለ ብሎ ይዘጋበታል። አዲስ አበባ የጥሪ ማሳመሪያ ወዳለው ዘመድ ስንደውል ዘፈኑ ከውኃ ውስጥ የሚዘፈን የሚመስለው ለዚህ ነው። ዘፋኙን አትሙት፤ ልጁ በደንብ ነው የዘፈነው።

ከተላኩት ሁሉ ግን ያንዱ ይብሳል። ያ ከቴሌቪዥን የተቀዳው ነው። ዘፈኑ ገና ከመጀመሪያው ደክሞ ስለነበር ከለውጡ በኋላ ሩቅ ሠፈር ያለ ሠርግ መሰለ። ከመሐሉ ግን የአባላችን ባለቤት ከማድ ቤት «ና እንጂ፣ ቡናው ፈላ!» ሲሉ እያንዳንዷ ፊደል ጥርት ብላ ተሰማች። ኮሚቴው ፊት ሳስደምጠው ሳቅ ሆነ፤ ቀረጻውን የላከው አባል ብቻ አፈረ። እኔ ግን ትምህርት አገኘሁበት። መስመሩ አልተበላሸም፤ የተሠራለትን ሥራ ነው የሠራው። የተሠራው ሰው ሰውን እንዲጠራበት ነው።

ሚዩ-ሎው ያልኩትም ስልት ፍርዱ ደስ ይላል። ስምንት ቢት ብቻ ስላለው በሁሉም ላይ እኩል አያባክነውም፤ ለቀስታ ድምፅ ደቃቅ ልኬት ይሰጣል፣ ለጩኸት በጅምላ ይለካል፣ ከወሰን ያለፈውን ጭራሽ ይቆርጠዋል። «ሃሎ! ሃሎ! ይሰማችኋል ወይ!» ብለን ግድግዳ የምናነቃንቅ ሰዎች ይህን ብናውቅ ጎረቤት ባረፈ ነበር። ሰሜን አሜሪካና ጃፓን ይህን ሲይዙ ኢትዮጵያን ጨምሮ አብዛኛው የተቀረው ዓለም ኤ-ሎው የሚባለውን ያዘ። ሁለቱ ሲገናኙ የመለወጡ ዕዳ የሚዩ-ሎው አገር ነው ተብሎ በዚያው በጂ.711 ተጽፏል። ከሲያትል አዲስ አበባ ሲደወል ድምፁን በእኛ ልክ አስተካክላ የምትልከው አሜሪካ ናት ማለት ነው። ቪዛ ላይ ባይሆንልን እዚህ ላይ ተከብረናል።

በመጨረሻ ኮሚቴው ሙዚቃውን በአንዲት አጭር የበገና ቅንጭብ ወሰነው፤ የምትጫወታትም ከአባሎቻችን አንዷ ናት። ዋናው ነገር መልእክቱ ሆነ። ሊቀመንበሩ «የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ በቅድሚያ ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ ይዘው ቀረቡ። ሲነበብ አድራሻው ላይ ሳይደርስ ደዋዩ ቀብሩ ሊያመልጠው ይችላል። በብዙ ልመና ሰላምታው «ጤና ይስጥልን» ብቻ ሆነ። አንባቢዋ እትዬ እንዲሆኑ ተስማማን።

የት እንቅዳ ሲባል እቤታቸው ልብስ ማስቀመጫው ውስጥ አስገባኋቸው። ሳሎን ውስጥ ግድግዳው ድምፅ ይመልሳል፤ ያ ማስተጋባት ደግሞ በስልክ ሲያልፍ ቃሉን ያጨቀየዋል። በሀበሻ ቀሚስና በካባ መካከል የተቀመጠ ሰው ድምፁ አይመለስበትም። ነጠላ በግራ፣ ጋቢ በቀኝ፣ እትዬ መሐል፣ ማይክሮፎኑ ጉልበታቸው ላይ። «ልጄ፣ እዚህ ሆኜ የሰው ሞት ልናገር?» አሉኝ። «እትዬ፣ ለሙከራ ነው፤ የራስዎን አድራሻ ያንብቡ» አልኳቸው። አነበቡ።

ሰማነው። የመንገዱ ስም ደህና ነው፣ ቁጥሩ ግን ጉድ ነው። ቁጥሮቻችንን ልብ በሉ፤ ሦስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ሁሉም የሚጀምሩት በዚያው በ«ሰ» ድምፅ ነው። የ«ሰ» ፉጨት ደግሞ ኃይሉ ያለው በአብዛኛው ከ3,400 በላይ፣ ስልኩ ከሚቆርጠው ወገን ነው። «ሰ» እና «ፈ» በስልክ የሚምታቱት ለዚህ ነው፤ እናት ከአገር ቤት ደውላ «ልጁ ሥራ ያዘ?» ስትል የሰማ ሰው «ምን ፈርቶ?» ቢል አይፈረድበትም። በቫይበር ስንነጋገር ሰፊ ድምፅ ስለሚያልፍ ችግሩ አይታይም፤ ተራው የስልክ መስመር ላይ ግን ቤት ቁጥሩ ስድሳ ይሁን ሰባ ሳይለይ ለቀስተኛ የማያውቀው ሰው ቤት ደጅ ላይ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሊቆም ይችላል። ሲያትል ውስጥ ያውም በዝናብ።

እትዬ ግን መድኃኒቱን ራሳቸው አመጡት። ቁጥሩን በዝግታ፣ አንድ አንድ እያሉ፣ መልሰው ደገሙት፤ የቀበሌ አዋጅ ነጋሪ ይመስል። ያን ጊዜ ሁሉም ተለየ። አንዳች ፕሮግራም አልነካሁም፤ የሰው ልጅ ብቻ ነው አካሄዱን ያስተካከለው።

አሁን ለአንባቢ አንድ ልመና አለኝ። በእድራችሁ፣ በደብራችሁ ወይም በምግብ ቤታችሁ «ስልኩ ላይ ሙዚቃ ይጫን» የሚል ሐሳብ የተነሣ እንደሆነ፣ ዘፈኑን ከመጀመሪያው ቅጂ አምጡት እንጂ በቴሌግራም የዞረውን አትላኩ። ከበሮ የበዛበትን ለሠርጉ ተዉት። መልእክቱን ልብስ ማስቀመጫ ውስጥ ተቀምጣችሁ ሳትጮኹ ተናገሩ፣ ሰላምታውንም አሳጥሩት። ኮምፒውተር የሚችለውን ልጅም ከዳቦው ጋር አንድ ቅዳሜ መርቁለት። አድራሻውን ግን ሁለት ጊዜ በሉት።